ቤት ሳይሸጥ አውሮፓ ማስተማር ይቻላልን?

በዚህ ገጽ ላይ ስለ ቤት ወጪ፣ ስለ እቁብና ስለ ብድር ስንጨዋወት ብዙዎቻችሁ ደጋግማችሁ የምታነሡት አንድ ጥያቄ አለ። “ልጃችንን አውሮፓ ልከን ለማስተማር ምን ያህል ገንዘብ ያስፈልገናል?” የሚል ነው። ዛሬ ይህን ጥያቄ በአንድ ቤተሰብ ታሪክ በኩል እንመለከተዋለን። ባለታሪኮቹ ለሌሎች ትምህርት ይሆናል ብለው እንድጽፈው ፈቅደውልኛል። ስማቸውን ግን አንጠቅስም።

በሳሪስ አቦ የተደረገ ውይይት

ባልና ሚስቱ የሚኖሩት ሳሪስ አቦ፣ ከማዞሪያው ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ባለ ቤት ነው። እርሱ ከቃሊቲ ጅቡቲ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሹፌር ሲሆን፣ እርሷ ደግሞ በቤቷ ልብስ ትሰፋለች። ሁለት ልጆች አሏቸው። ታላቁ ሲቪል ምሕንድስና ተምሮ ከተመረቀ ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ በአንድ የሕንፃ ተቋራጭ ዘንድ ተቀጥሮ ይሠራል። ታናሽ እኅቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና ወስዳ የማለፊያውን 50 በመቶ ሳታመጣ ቀረች።

አንድ ቀን ማታ ባልየው ደወለልኝ። “ወንድም፣ የገላኑን ኮንዶሚኒየም ልንሸጥ ነው። ልጅቱን አውሮፓ ልንልካት ወስነናል። ከመፈረማችን በፊት አንድ ጊዜ ብታየን ደስ ይለናል” አለኝ። በማግስቱ ሄድኩ። ቡናው ተፈልቶ፣ ልጅቱ ፈንድሻውን አቅርባ ከተቀመጠች በኋላ፣ አባት ከመሳቢያ ውስጥ አንድ ፋይል አውጥቶ ፊቴ ዘረጋው። ፋይሉ የአንድ ጉዳይ አስፈጻሚ ነበር። በውስጡ በቆጵሮስ ደሴት የሚገኝ የአንድ የግል ኮሌጅ የመቀበያ ደብዳቤ፣ የ900 ሺህ ብር የክፍያ ዝርዝርና “ቪዛው መቶ በመቶ የተረጋገጠ ነው” የሚል ወረቀት ነበረበት።

“ቆጵሮስ አውሮፓ ውስጥ ናት አይደል? ከዚያ ወደ ጀርመን ማለፍ ቀላል ነው ብለውኛል” አለ አባት።

እናት ይህ ሁሉ ሲነገር ሲኒ ከማጠብ ቀና አላለችም ነበር። “እኅቴ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?” ብዬ ጠየቅኋት። እጇን በመቀነቷ ጠረግ አድርጋ “ዕጣው የወጣው በእኔ ስም ነው፤ የቁጠባውንም ብር በየወሩ የከፈልኩት ከስፌት ነው። ለልጄ ከሆነ ይሸጥ። ነገር ግን ልጄ በትክክል የት እንደምትሄድ የሚነግረኝ ሰው እስከ ዛሬ አላገኘሁም” አለች።

ባልየው ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። ከዚያም ዐንገቱን ደፍቶ “ሌላም ያልነገርኳት ነገር አለ። ቀብድ 50 ሺህ ብር ከፍያለሁ” አለ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ልጅቱ ተነሥታ ወጣች።

ውድ አንባቢያን፣ በዚያ ምሽት ስለ አውሮፓ ከመነጋገራችን በፊት ስለዚህ ቤት መነጋገር እንዳለብን ገባኝ። በባልና ሚስት መካከል በድብቅ የተጀመረ የልጅ ጉዳይ ልጁን ከመጥቀሙ በፊት ትዳሩን ይጎዳልና። ደግሞም በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረትን ለመሸጥ የሁለቱንም ተጋቢዎች ስምምነት ይጠይቃል። ሕጉ ይህን ያለው ያለ ምክንያት አይደለም። ባልየው ሚስቱን ይቅርታ ጠየቃት። እርሷም “ብሩ ሳይሆን ሳትነግረኝ መቅረትህ ነው ያመመኝ” አለችው። ከዚያ በኋላ ነበር ወረቀትና ካልኩሌተር አቅርበን ወደ ጉዳዩ የገባነው።

ለምን ተቻኮልን?

መጀመሪያ የጠየቅኋቸው “ለምን አሁን? ለምንስ በዚህ ፍጥነት?” ብዬ ነበር። አባት በግልጽ መለሰልኝ። ጎረቤት ሁሉ “ልጅቱ ስንት አመጣች?” እያለ ሲጠይቀው አፍሯል። አውሮፓ ሄደች ቢባል ጥያቄው እንደሚቆም አስቧል።

እስቲ ይህን ነገር በሚዛን እንየው። አዲሱ የፈተና አሰጣጥ ከተጀመረ ወዲህ የ12ኛ ክፍል ፈተናን ከተፈታኞች መካከል ያለፉት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። እንግዲህ ከመቶ ዘጠና በላይ የሚሆኑት ልጆች ባለፉበት መንገድ ያለፈች ልጅ ለቤተሰቧ ኀፍረት የምትሆንበት ምክንያት የለም። የዚህች ልጅ ውጤት ደግሞ በአቅም ማሻሻያ ትምህርት (ብዙዎቻችን ሪሜዲያል በምንለው) እንደገና ለመሞከር የሚያበቃ ነበር። ሊሸጥ የተዘጋጀው ቤት እንግዲህ የሚሸጠው ለትምህርት ሳይሆን ለጎረቤት መልስ ለመስጠት ነበር ማለት ነው።

ቀጥሎ ስለ ኮሌጁ ተነጋገርን። አድራሻውን በካርታ ላይ ስንፈልገው በደሴቲቱ ሰሜናዊ ክፍል ተገኘ። ሰሜን ቆጵሮስ የሚባለውን አስተዳደር ከቱርክ በስተቀር በመንግሥትነት ያወቀው አገር የለም። ቆጵሮስ በ2004 እ.ኤ.አ. የአውሮፓ ኅብረት አባል ብትሆንም፣ በሰሜኑ ክፍል የኅብረቱ ሕግ ተፈጻሚ አይሆንም። ከዚያ ተነሥቶ “ወደ ጀርመን ማለፍ” የሚባል መንገድ የለም። ለጀርመን ቪዛ የሚያመለክት ሰው ከየትም ሆኖ ቢያመለክት የሚጠየቀው ያንኑ የጀርመንን መስፈርት ነው። እናትየዋ ይህን ስትሰማ “ስለዚህ ልጄ የምትሄደው አውሮፓ አልነበረም” አለች።

ርካሽ የሚባለው የት ነው? ምን ያህልስ ነው?

“ዘመዴ በነጻ ተምሯል” የሚል ወሬ በየቤቱ አለ። ወሬው ሐሰት ባይሆንም ጊዜው ያለፈበት ሊሆን ይችላል። ቀደም ሲል ለሁሉም ነጻ የነበሩት የሰሜን አውሮፓ አገሮች ከአውሮፓ ውጭ ለሚመጡ ተማሪዎች በራቸውን በየተራ በክፍያ ዘግተዋል፦ ዴንማርክ በ2006፣ ስዊድን በ2011፣ ፊንላንድ በ2017፣ ኖርዌይ ደግሞ በ2023 እ.ኤ.አ. ክፍያ ጀምረዋል። ስለዚህ ከዐሥር ዓመት በፊት ኖርዌይ የተማረ የአክስት ልጅ የሚሰጣችሁ ምክር ለእርሱ እውነት ነበር፤ ለእናንተ ግን ላይሠራ ይችላል።

ጀርመን አሁንም በአብዛኞቹ ክፍላተ አገሯ በሚገኙ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያ አትጠይቅም። ተማሪው በየሴሚስተሩ የሚከፍለው መዋጮ ብቻ አለ። መዋጮው እንደየዩኒቨርሲቲው ከ100 እስከ 350 ዩሮ ገደማ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ የአውቶቡስና የባቡር ትኬትን ይጨምራል። ነገር ግን እዚህም ልዩነት አለ። ባደን ቩርተምበርግ የተባለው ክፍለ አገር ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከአውሮፓ ውጭ የሚመጡ ተማሪዎችን በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ያስከፍላል። የሙኒክ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲም ከ2024 እ.ኤ.አ. መኸር ጀምሮ የራሱን ክፍያ ጀምሯል።

ትምህርቱ ነጻ ሆነ ማለት ታዲያ ኑሮው ነጻ ሆነ ማለት አይደለም። የጀርመን መንግሥት ለተማሪ ቪዛ የሚያመለክት ሰው የአንድ ዓመት መኖሪያውን ገንዘብ አስቀድሞ በዝግ ሒሳብ እንዲያስቀምጥ ይጠይቃል። ከ2024 እ.ኤ.አ. መስከረም ጀምሮ መጠኑ 11,904 ዩሮ ሆኗል፤ በወር 992 ዩሮ ማለት ነው። ይህ ገንዘብ የዩኒቨርሲቲ ክፍያ ወይም የኤምባሲ ገንዘብ አይደለም። የተማሪው የራሱ ገንዘብ ነው፤ ጀርመን ከደረሰ በኋላ በየወሩ እየተለቀቀ ቤት ኪራይ፣ ምግብና የጤና መድን ይከፍልበታል። ዕድሜው ከ30 በታች የሆነ ተማሪ ለጤና መድን ብቻ በወር ከ120 ዩሮ በላይ ይከፍላል። አንዳንድ ደላሎች ይህን ገንዘብ “የኤምባሲ ክፍያ” ብለው በእጃቸው እንዲሰጣቸው ስለሚጠይቁ ልብ በሉ።

አሁን ወደ ብር እንለውጠው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት በባንክ አንድ ዩሮ ወደ 62 ብር ነበር። ያኔ የሚጠየቀው 11,208 ዩሮ ስለነበር ጠቅላላው ወደ 695 ሺህ ብር ይሆን ነበር። ዛሬ አንድ ዩሮ ከ150 ብር በላይ ነው። በ150 ብር እንኳ ብናሰላው 11,904 ዩሮ ማለት 1 ሚሊዮን 785 ሺህ 600 ብር ነው። ይህም ለመጀመሪያው ዓመት ብቻ ነው! የመጀመሪያ ዲግሪ ደግሞ ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ ይወስዳል።

“ሠርታ ትከፍላለች” አለ አባት። እውነት ነው፤ ከ2024 እ.ኤ.አ. መጋቢት ጀምሮ ጀርመን ውስጥ ተማሪ በዓመት 140 ሙሉ ቀን ወይም 280 ግማሽ ቀን እንዲሠራ ተፈቅዷል። ነገር ግን ዝግ ሒሳቡ የሚጠየቀው ከመሄዷ በፊት ስለሆነ “ሄጄ እሠራለሁ” የሚል ተስፋ አይተካውም። ደግሞም ቋንቋ የማታውቅ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ትምህርቷንና ኑሮዋን በአንድ ጊዜ በጫንቃዋ እንድትሸከም ማድረግ ብዙ ልጆችን ከትምህርታቸው አሰናክሏል።

ሌላም ነገር አለ። በጀርመን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የመጀመሪያ ዲግሪ በአብዛኛው የሚሰጠው በጀርመንኛ ነው። የእኛ የ12ኛ ክፍል ምስክር ወረቀትም ብዙ ጊዜ ብቻውን በቀጥታ አያስገባም። በመግቢያ ፈተና የሚገባበት፣ በጀርመንኛ የሚሰጥ የአንድ ዓመት የመሰናዶ ትምህርት መከታተል ያስፈልጋል። በእንግሊዝኛ የሚሰጠው ትምህርት በብዛት የሚገኘው በሁለተኛ ዲግሪ ነው።

ያልታሰበው ልጅ

እዚህ ላይ ስንደርስ ታላቁ ልጅ ከሥራ ገባ። የሚወራውን ቆሞ አዳመጠ። እኔም አባቱን “በዚህ ቤት ውስጥ ዛሬውኑ ለአውሮፓ ማመልከት የሚችለው ልጅ ይኸው ቆሟል። ለእርሱ ቤት መሸጥ አያስፈልግም” አልኩት። ሁሉም ወደ ልጁ ዞሩ። ልጁም “እኔን ማን ይጠይቀኛል!” ብሎ ሳቀ።

ውድ ወላጆች፣ የዛሬው ዓምዳችን ዋና ሐሳብ ይህ ነው፦ ለእንደኛ ዓይነቱ ቤተሰብ ርካሹ የአውሮፓ ትምህርት በወላጅ ገንዘብ የሚጀመረው የመጀመሪያ ዲግሪ አይደለም። ርካሹ የመጀመሪያ ዲግሪን አገር ቤት ጨርሶ፣ ሁለት ዓመት ሠርቶ፣ በስኮላርሺፕ የሚኬድበት ሁለተኛ ዲግሪ ነው። በሮቹም እነዚህ ናቸው፦

የመጀመሪያው በጀርመንኛው ምኅጻር ዲ.ኤ.ኤ.ዲ. የተባለው የጀርመን የአካዳሚክ ልውውጥ አገልግሎት ነው። አዲስ አበባም ቢሮ አለው። ከልማት ጋር ለተያያዙ የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርቶች (ለምሳሌ የውኃ ሀብት አስተዳደር፣ የከተማ ፕላን) የሚሰጠው ስኮላርሺፕ ቢያንስ ሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል። የመጀመሪያ ዲግሪው ከተገኘ በአብዛኛው ከስድስት ዓመት ያልበለጠ መሆን አለበት። ሦስት ዓመት የሠራው ልጃችን በትክክል በጊዜው ላይ ነው ማለት ነው። ስኮላርሺፑን ያገኘ ሰው ዝግ ሒሳብ አይጠየቅም።

ሁለተኛው ኢራስመስ ሙንዱስ የተባለው የአውሮፓ ኅብረት ፕሮግራም ነው። ተማሪው ቢያንስ በሁለት አገሮች እየተዘዋወረ ይማራል። የትምህርት ክፍያው ይሸፈንለታል፤ ለኑሮው ደግሞ በወር 1,400 ዩሮ እስከ 24 ወር ይሰጠዋል። አብዛኞቹ ኮርሶች ማመልከቻ የሚቀበሉት በፈረንጆቹ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው።

ሦስተኛው ቼቭኒንግ የተባለው የብሪታንያ መንግሥት ስኮላርሺፕ ነው። የአንድ ዓመት ሁለተኛ ዲግሪን ሙሉ ወጪ ይሸፍናል። የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ ከትምህርቱም በኋላ ተማሪው ወደ አገሩ ተመልሶ ቢያንስ ሁለት ዓመት እንዲቆይ ያስገድዳል። ማመልከቻው የሚከፈተው በየዓመቱ ነሐሴ ውስጥ ነው።

ከእነዚህ መካከል ለማመልከት ገንዘብ የሚጠይቅ አንድም የለም። ይህን አስምሩበት።

ቀድሞም ቢሆን በሰው ገንዘብ ተምሮ መመለስ ለአገራችን እንግዳ አልነበረም። ብዙዎቻችን የምናውቀው ኦኔሲሞስ ነሲብ በልጅነቱ ለባርነት ተሽጦ፣ በምጽዋ ነጻ ከወጣ በኋላ፣ በ1876 እ.ኤ.አ. ወደ ስዊድን ተልኮ አምስት ዓመት ተምሮ በ1881 ተመልሷል። ወጪውን የሸፈነለት የስዊድን ወንጌላዊ ሚስዮን ነበር። እርሱም ወደ ኦሮምኛ የተረጎመው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 እ.ኤ.አ. ታተመ። በጎ አድራጊ ያየው ሀብቱን ሳይሆን ትጋቱን ነበር። ዛሬም የስኮላርሺፕ ኮሚቴ የሚያየው የአባትን ቤት ሳይሆን የልጁን ውጤት፣ ልምድና ዓላማ ነው።

ለታናሺቱስ?

“እሺ፣ ልጄስ?” አለች እናት። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ታላቁ ሲሄድ ታናሺቱ ተረሳች ማለት መሆን የለበትም። ልጅቱን ጠርተን “አንቺስ ምን ትፈልጊያለሽ?” ብለን ጠየቅናት። “አባዬ፣ እኔ እኮ እንደገና መሞከር ነው የምፈልገው። ያፈርክብኝ መስሎኝ ነው ዝም ያልኩት” አለች። አባትየው ያን ጊዜ ዕንባው መጣ።

ለእርሷ ያወጣነው ዕቅድ ይህ ነው። የአቅም ማሻሻያውን ትማራለች። ካለፈች አገር ውስጥ ዩኒቨርሲቲ ትገባለች፤ ከቤታቸው ብዙም ሳይርቅ፣ በዚያው በአቃቂ ቃሊቲ፣ የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አለ። እዚያ ለመግባት ግን የራሱን መግቢያ ፈተና ማለፍ ስለሚያስፈልግ ይህ የሩቅ ግብ ሆኖ ተያዘላት። ከትምህርቷ ጎን ለጎን አንድ የአውሮፓ ቋንቋ ትጀምራለች። ጀርመንኛ ከሆነ ስድስት ኪሎ ያለው የጎተ ኢንስቲትዩት፣ ፈረንሳይኛ ከሆነ አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝ ያስተምራሉ። ቋንቋ ማንም የማይወስድባት ሀብት ነው፤ ባትሄድ እንኳ እዚሁ እንጀራ ይሆናታል።

ደግሞም በመጀመሪያ ዲግሪ ደረጃ ፈጽሞ በር የለም ማለት አይደለም። ጥሩ የ12ኛ ክፍል ውጤት ላላቸው ልጆች ሁለት መንገዶች አሉ።

አንደኛው የሃንጋሪ መንግሥት በ2013 እ.ኤ.አ. የጀመረው ስቲፔንዲየም ሁንጋሪኩም ነው። ኢትዮጵያ ከአጋር አገሮቹ መካከል ናት። ማመልከቻው ለሃንጋሪው ተቋምና በአገራችን በኩል ለትምህርት ሚኒስቴር፣ በሁለት በኩል ይቀርባል። የማብቂያው ቀን በአብዛኛው በፈረንጆቹ ጥር አጋማሽ ነው። የትምህርት ክፍያን፣ የመኝታ ቦታንና የጤና መድንን ይሸፍናል። የኪስ ገንዘቡ ግን በወር 43,700 ፎሪንት፣ ማለትም ወደ 110 ዩሮ ብቻ ስለሆነ፣ ቤተሰብ መደጎም እንዳለበት አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ጣሊያን ነው። በጣሊያን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ክፍያ የሚሰላው በቤተሰብ ገቢ ነው። ገቢው ዝቅተኛ የሆነ ተማሪ በብዙዎቹ ዘንድ በዓመት ከ200 ዩሮ በታች የሆነ ቋሚ መዋጮ ብቻ ይከፍላል። በተጨማሪም ክፍላተ ሀገራቱ ለዝቅተኛ ገቢ ተማሪዎች ገንዘብ፣ ምግብና መኝታ የሚሰጥ ስኮላርሺፕ አላቸው። ለዚህም የወላጆች የገቢና የንብረት ማስረጃ ወደ ጣሊያንኛ ተተርጉሞና በኤምባሲው ተረጋግጦ መቅረብ አለበት። ስኮላርሺፑ ግን ሁሉም አመልካች የሚያገኘው አይደለም፤ የመጀመሪያው ገንዘብም ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ትምህርት ከተጀመረ ከወራት በኋላ ነው። ስለዚህ ለመጀመሪያዎቹ ወራት የሚሆን ስንቅ መያዝ ግድ ነው።

ባለትዳሮች ከሆናችሁ

ይህን የምታነቡ ወጣት ባለትዳሮች “እኛ ራሳችን ብንማርስ?” ልትሉ ትችላላችሁ። መልካም ነው። ነገር ግን ማመልከቻውን ከመሙላታችሁ በፊት ሦስት ነገር ተቀምጣችሁ ተነጋገሩ።

አንደኛ፣ ስኮላርሺፑ ለትዳር ጓደኛና ለልጅ ይከፍላልን? ኢራስመስ ሙንዱስ ለቤተሰብ ተጨማሪ ገንዘብ አይሰጥም፤ ዲ.ኤ.ኤ.ዲ. በተወሰኑ ሁኔታዎች ይሰጣል። ሁለተኛ፣ የሄደው ሰው ከሚሰጠው ገንዘብ ቆጥቦ ቤት የሚልከው ምን ያህል ነው? ለአንድ ሰው በልክ የተሰፋ ገንዘብ ሁለት ቤት አያስተዳድርም። ሦስተኛ፣ ከትምህርቱ በኋላ ምን ይሆናል? ጀርመን ለተመራቂ ሥራ መፈለጊያ እስከ 18 ወር ትፈቅዳለች። ቼቭኒንግ ግን ተመለስ ይላል። ከመካከላችሁ አንዱ “እመለሳለሁ”፣ ሌላው “ይወስደኛል” ብሎ በልቡ ይዞ ከተለያየ፣ ችግሩ የተጀመረው ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ነው።

ደላላን በምን እናውቀዋለን?

ወረቀት የሚሞላልንን ሰው ለድካሙ መክፈል ነውር አይደለም። ነገር ግን “ቪዛው የተረጋገጠ ነው” የሚል ሰው የእርሱ ያልሆነውን ይሸጣል። ቪዛ የሚወስነው ኤምባሲው ብቻ ነው። “ስኮላርሺፕ አስገኝልሃለሁ፣ ክፈለኝ” የሚል፣ የባንክ ማስረጃ “እናዘጋጃለን” የሚል፣ የኢሜይላችሁን የይለፍ ቃል የሚጠይቅ፣ “ዛሬ ካልከፈልክ ቦታው ይያዛል” የሚል ሰው ሲገጥማችሁ ቡናችሁን ጠጥታችሁ ውጡ። የሐሰት ማስረጃ ለዛሬው ማመልከቻ ብቻ ሳይሆን ለነገውም እንቅፋት ይሆናል። የቸኮለ አፍስሶ ይለቅማል እንዲሉ፣ ይህ ወንድማችን የከፈለው 50 ሺህ ብር እስከ ዛሬ አልተመለሰለትም።

ሥራውን በቤት ውስጥ ማካሄድ ይቻላል። አንድ ደብተር ያዙ። የጀርመን ዩኒቨርሲቲዎችን ማመልከቻ የሚያሰባስበው ዩኒ አሲስት የተባለው ድርጅት ለመጀመሪያው ዩኒቨርሲቲ 75፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ 30 ዩሮ ይጠይቃል። የጀርመን የተማሪ ቪዛ ክፍያም 75 ዩሮ ነው። ፓስፖርት በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ወደ 5,000 ብር ከፍ ስላለ እርሱንም ጻፉ። ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተመረቀ ሰው የወጪ መጋራት ዕዳውን ሳይጨርስ ዋናውን ዲግሪ ማውጣት ስለማይችል ይህን ቀደም ብሎ ይጨርስ። የልደት ምስክር ወረቀት፣ የውጤት መግለጫ፣ የቀጣሪ ደብዳቤ፣ የእንግሊዝኛ ፈተና፣ የሰነድ ማረጋገጫ፣ እያንዳንዱ የራሱ ወረፋ አለውና ከማመልከቻው ቀን አንድ ዓመት ቀድሞ መጀመር ይበጃል። የገንዘብ መጠንና ቀን ስለሚለዋወጥ ሁልጊዜ ከኤምባሲው ወይም ከዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ አረጋግጡ።

ጀርመን የሚኖር ዘመድ ካላችሁ ደግሞ በዝግ ሒሳቡ ፈንታ የዋስትና ሰነድ ሊፈርም ይችላል። ነገር ግን ይህ የዘመድ ውለታ ብቻ ሳይሆን ሕጋዊ ግዴታ ነው። ተማሪው ሲቸገር መንግሥት ወጪውን ከዘመዱ ይጠይቃል። ስለዚህ በስልክ በአንድ ቃል “ፈርምልን” አይባልም።

በመጨረሻ

ቤቱ አልተሸጠም። የገላኑ ኮንዶሚኒየም ኪራዩ ለቤት ወጪ ይደጉማል፤ ከኪራዩም ላይ በየወሩ ጥቂቱ ለልጅቱ የቋንቋ ትምህርት እንዲቀመጥ ባልና ሚስቱ ተስማምተዋል። ታላቁ ልጅ የመጀመሪያ ዙር ማመልከቻው አልተሳካም። ተበሳጭቶ ሊተወው ሲል እናቱ “እኔ ዕጣው እስኪወጣልኝ ስንት ዓመት ቆጠብኩ?” አለችው። አሁን ለሁለተኛ ጊዜ እያዘጋጀ ነው። ልጅቱ የአቅም ማሻሻያውን ትማራለች፤ ማታ ማታ ከእናቷ የስፌት መኪና አጠገብ ተቀምጣ የጀርመንኛ ቃላት ታጠናለች።

በቅርቡ ስጠይቃቸው አባትየው “ጎረቤት አሁንም ይጠይቀኛል” አለኝ። “ምን ትላቸዋለህ?” አልኩት። “እየተማረች ነው እላለሁ። እውነት ስለሆነ አያሳፍረኝም” ሲል መለሰልኝ።

እናንተም በቤታችሁ እንዲህ ያለ ዕቅድ ካለ፣ በዚህ ሳምንት አንድ ምሽት ቴሌቪዥኑን ዘግታችሁ ተቀመጡ። ልጁም ይኑር፣ እናትም ትናገር፣ አባትም ያልነገረው ካለ ይንገር። ከዚያ በኋላ ካልኩሌተሩን አምጡ። በሚቀጥለው እትም በሌላ ርዕስ እስክንገናኝ ሰላም ለቤታችሁ ይሁን።